የእሜቴን መልስ ሳይሰሙ ለሄዱት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ምዘና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም በክፍላችን በነበሩበት ጊዜ ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ የነበረውን አንገትዎን ደህና ያድርግልኝ። እኔ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል በረዳትነት የምሠራ ሴት ነኝ። አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ለግምገማ የመጡ ዕለት ሾርባ የፈሰሰበት ሽርጥ ታጥቄ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ነበር። ሥራዬ ልጆቹን ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ከወንበር ማንሳትና መልሶ ማስቀመጥ ነው። ክቡርነትዎ ያደረጉልንን ውለታ በሹክሹክታ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝ በአደባባይ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ እሜቴን በአካል ተገኝተው ስላዩልን አመሰግናለሁ።

እሜቴ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሁላችንንም ደጅ ስለምታስጠና መምህሯ ያወጣችላት ነው። ልጅቷ እጇም እግሯም አይታዘዙላትም፣ አንደበቷም አልተፈታም። የታዘዙላት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው፤ አዎ ስትል ወደ ላይ ታያለች፣ እንቢ ስትል ትጨፍናለች። ይህንን የነገሩን የአውቶቡስ ሹፌር የሆኑት አባቷ ናቸው። መጀመሪያ ይዘዋት የመጡ ቀን፣ «እህቴ፣ ጠይቂያትና ዝም በይ። የልጄ መልስ ከሩቅ ነው የሚመጣው» አሉኝ። አባት ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ውሃ ልስጥሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት፣ የሌላውን ልጅ አፍንጫ ጠርጌ ስመለስ፣ ዓይኖቿ ጣሪያው ላይ ተሰቅለው እኔን ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስም ቢሆን መጠበቅ ለመድን። ቀልድም ታውቅ ነበር። «መምህርሽ ስትዘፍን ደስ ይልሻል?» ስንላት ግንባሯ እስኪጨማደድ ድረስ ትጨፍን ነበር፤ መምህሯም አብራን ትስቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። «ትምህርት ቤት ደስ ይልሻል?» አሏት። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ከቢሮ መጥቶ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ ስልክዎን ተመለከቱና ለጸሐፊዎ፣ «ምላሽ የለም ብለህ ያዝ» አሉት። መምህሯ፣ «ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሷት» ብትልዎ፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንደሚጠብቁዎ በትሕትና አስረዷት። የእሜቴ ዓይኖች ወደ ላይ የተነሡት እርስዎ ደረጃውን ሲወርዱ ነው። ሽርጤን እንደታጠቅኩ ሮጥኩ፤ የመኪናው በር ተዘግቶ ነበር። ሹፌርዎ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ደብዳቤ ጻፊላቸው እህቴ» አለኝ። ምክሩን ተቀብዬ ይኸው ጻፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ ግን አፍስሰው ሄዱ፣ ለቃሚዎቹ እኛ ሆንን።

ሦስተኛ፣ ውሳኔዎ በፍጥነት ስለደረሰን አመሰግናለሁ። ተማሪዋ ከትምህርቱ ተጠቃሚ ሆና ስላልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጥ ይላል። አባቷ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ትራሷንና ኩባያዋን ወሰዱ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። በር ላይ ቆም ብለው፣ «ሁሉን አስተምሬያታለሁ። ቶሎ መልስ መስጠትን ብቻ ነው ያላስተማርኳት» አሉና ወጡ። እኔና መምህሯ አቤቱታ አስገባን፤ የባለሙያ ውሳኔ እንደማይከለስ ተነገረን። በቦታዋ የመጣው ልጅ አንጀት የሚበላ ልጅ ነው። ምንም አላጠፋም። ባጎረስኩት ቁጥር ግን ዓይኔ የእሷን ወንበር ይፈልጋል፤ ወንበሩ ደግሞ እሱ የተቀመጠበት ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር አይያዝልኝም።

እሑድ እሑድ ልጠይቃት እሄድ ጀመር። አባቷ መሪ ላይ ሲውሉ አሮጊት አክስታቸው ይጠብቋታል፤ ያጥቧታል፣ ያበሏታል፣ ምንም አያጓድሉባትም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን፣ «ምን እንደሆነች እንጃ ልጄ፣ ከነጋ ጀምራ ጣሪያውን ስታይ ትውላለች» አሉኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ አዎ እያለች እኮ ነው» አልኳቸው። «ለምኑ?» አሉኝ። የእሜቴን ትራስ አስተካከልኩላት። ለምኑ እንደሆነ ክቡርነትዎ የሚያውቁት ይመስለኛል፤ የትምህርት ቤቱን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቋት እርስዎ ነዎት። እኔ ራሴ፣ መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ ብትለኝ ምን ይውጠኛል ብዬ ዋጥኩት።

ለአባቷ ነገርኳቸው። ማታ ማታ ከሥራ ሲገቡ የባጥ የቆጡን እየጠየቁ ሊያጫውቷት ሞከሩ። ቀኑ ግን ረጅም ነው፤ አክስት ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ከእንቅልፍ የተረፈው ጊዜያቸው ለማጠብና ለማብሰል ብቻ ነው የሚበቃው።

ባለፈው እሑድ አክስት በር ላይ ፊታቸው በርቶ ተቀበሉኝ። «ተመስገን ተሻላት ልጄ። ጣሪያ ማየቱን ትታለች።»

ገባሁ። እሜቴ ግድግዳውን ታያለች። ፀጉሯ በሥርዓት ተሠርቷል፣ አንሶላዋ ንጹሕ ነው። ውሃ ልስጥሽ ወይ አልኳትና ጠበቅኩ። አባቷ ከሥራ ገቡ፤ ምን እየሆነ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ተቀመጡ። አክስትም ሥራቸውን ትተው መጡ። ሦስታችንም ፊቷን እያየን ቁጭ አልን። መብራት የሚበራበት ሰዓት ሲደርስ ዓይኖቿ ገና ግድግዳው ላይ ነበሩ፤ አባቷ ተነሡና አንገቷን ደገፍ አድርገው ውሃውን በማንኪያ አጠጧት።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ በስተርጅናዎም የሚጠይቅዎ ሰው፣ ጠይቆም ቁጭ የሚል ሰው እንዳያጡ ከልብ የምመኝ፣ ታዛዥዎ የክፍል ረዳት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ወር አዲሱን ልጅ ሊገመግሙ እንደሚመጡ ሰምተናል። ባለፈው ቆመው ስለጠየቁ እግርዎን ደክሞዎት ይሆናል ብለን ተጨንቀን፣ ከሠራተኞቹ ክፍል ባለመደገፊያ ወንበር ለምነን አምጥተናል። እባክዎ ካፖርትዎን አውልቀው ይቀመጡ።