የጽዮን ጃንጥላና የላኩልን ሞተር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ዘውዱ
አርባ ምንጭ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭ ሙቀትና ወባ እንዴት ይዞዎታል? ያ በየክረምቱ የሚነሣብዎት የወገብ ሕመምስ ተወዎት ወይ? እትዬ ትሁን ደኅና ናቸው? ቤዛዊት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ከብርዱ በቀር ክፉ ነገር አልነካንም፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ቀይቱ ላም ወልዳለች። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ያስቀደምሁት ወደ ዋናው ነገር ለመድረስ ስለፈራሁ ነው። ጋሼ፣ የላኩልን የጀልባ ሞተር የለም። ሐይቅ ገብቶ ቀርቷል። ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሳይነግርዎት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ነፋስ የለውም፤ የአጎታችን የአያሌው ባለ ሸራ ጀልባ ያለ ሞተር ከዳር አትነቃነቅም። አሮጌው ሞተር ተበላሽቶ ከቀረ ወዲህ ወደ ደሴቷ የሚሄደውን ተሳላሚ የሚያሻግሩት ነፋስ ሲነሣ፣ ከቀትር በኋላ ብቻ ነበር። የእርስዎ ሞተር ይፋግ ከተማ ላይ ከጭነት መኪና ሲወርድ አገሩ ሁሉ ደስ አለው። እናታችን ደግሞ ከሁሉ በላይ። እርስዎ ዘመቻ ሄደው ድምፅዎ በጠፋ ጊዜ፣ ልጄን በደኅና ከመለስሽልኝ ብላ ለደሴቷ ጽዮን የተሳለችውን ጃንጥላ አሠርታ ሳጥን ውስጥ ካኖረችው ቆይታለች። በበዓሏ ዕለት ታቦቷ ስትወጣ ጃንጥላው ከላይ ተዘርግቶ በዓይኗ ማየት ነበር ምኞቷ። ታቦቷ የምትወጣው ጠዋት ነው፤ ደሴቷ ላይ ደግሞ ሴት አታድርም። ስለዚህ ሞተር ያለው ጀልባ እስኪገኝ ስትጠብቅ ኖራለች።

ሞተሩን ማን ይግጠመው ሲባል እኔ አለሁ አልሁ። የደብረ ታቦርን ወፍጮ ሁሉ ስፈታና ስገጥም የኖርሁ ሰው አይደለሁ? ሞተር ሞተር ነው ብዬ ወረድሁ። መጀመሪያ አጎታችን ግቢ ውስጥ በርሜል ውሃ አስሞልቼ፣ ሞተሩን እዚያ ነክሬ አስነሣሁት። የአጎታችን ባለቤት ውሃውን ከሐይቁ በጀሪካን ሲያመላልሱ ነው የዋሉት። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጥቶ ነበርና ሞተሩ ሲያጓራ እልል ተባለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ አበጠ።

እርስዎ በስልክ ስንነጋገር ብረቱ እንጨቱን ይንከስ፣ በመሐል ምንም ነገር አታግባ፣ በገመድም ከጀልባዋ ጋር እሰረው ብለውኝ ነበር። ሰምቻለሁ፣ እሺም ብያለሁ። ግን ወፍጮ ቤት ሞተር ሲተከል ከሥሩ ጎማ ካልተደረገለት ንዝረቱ ግድግዳ ያናጋል፤ እጄ የለመደው ያንን ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ በሞተሩ መያዣና በጀልባዋ የኋላ ሳንቃ መሐል አስገባሁና ብሎኖቹን አጠበቅሁ። አጎታችን ገመድ ይዘው መጥተው፣ ልጄ፣ ለማንኛውም በዚች ብናስረው ምናለ ቢሉኝ በሰው ፊት ሳቅሁባቸው። ሞተር እንደ ጥጃ አይታሰርም አልኋቸው። ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ አብሮኝ ሳቀ። እሳቸውም ገመዳቸውን ጠቅልለው ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጡት። ይህን ስጽፍልዎት ፊቴ ይቃጠላል።

በጽዮን ዕለት ማለዳ ተነሣን። እናታችን ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች። ተሳላሚው ጀልባዋን ሞልቷት ነበር፤ እኔ ከኋላ የሞተሩን እጀታ ይዣለሁ። እንዴት ያለ ጉዞ ነበር መሰልዎት። እናታችን ዞር እያለች፣ ዘውዱዬንም አንተንም ያቆይልኝ እያለች ትመርቀኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይሳለም ጀመር። እኔን ያውቁኛል፤ መንገድ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ካየሁ ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ ካልተሳለምሁ አላልፍም። እጀታውን ለቅቄ ብድግ አልሁና አማትቤ ጎንበስ አልሁ። ውሃ ላይ መሆኔን፣ መሪው በእጄ መሆኑን ጭራሽ ረሳሁት።

ሞተሩ እንደተለቀቀ ወደ ጎን ተጠመዘዘ። ጎማው ውሃና ዘይት ጠጥቶ ኖሮ አንሸራተተው። ቀና ስል ከሳንቃው ተነቅሎ ሲሰጥም አየሁት። ጀልባዋ ስትዞር የቆመው ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ወደቀ፤ ፈጣሪ ይመስገን ውሃ የገባ ሰው የለም። የአጎታችን ገመድ ግን እንደተጠቀለለ እግሬ ሥር ነበር።

የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሸራው ቢሰቀልም ነፋስ የለም። በአንድ መቅዘፊያ እየተፈራረቅን ብንቀዝፍ ጀልባዋ በሰው ከብዳለችና አልሄድ አለች። ከበሮውና እልልታው ከደሴቷ ይሰማናል። ታቦቷ ወጣች። እናታችን ጃንጥላውን እንዳቀፈች ዓይኗን ወደዚያው ተክላ ታዳምጣለች። ምነው ብትሰድበኝ ኖሮ። ስንደርስ ታቦቷ ገብታ ሰው ጸበል ጸዲቅ እየቀመሰ ነበር። አንድ ቄስ ጃንጥላውን ተቀብለው መረቋትና እንደተጠቀለለ ወደ ዕቃ ቤት ይዘውት ገቡ። እሷም ደጁን ተሳልማ፣ እመቤቴ ታውቃለች አለች።

ሞተሩን ዓሣ አስጋሪዎች እየጠለቁ ፈልገውት ነበር፤ ታቹ ጭቃ ነው፣ አልተገኘም። አጎታችን ለጠየቃቸው ሁሉ ሳንቃዬ በስብሶ ነው ይላሉ። ሳንቃው ደኅና ነው ጋሼ። እሳቸው ይህን ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ፣ የለም፣ እኔ ነኝ ማለት አቅቶኝ መሬት መሬቱን አየሁ። ወሬው ግን እኔን ቀድሞ ደብረ ታቦር ገብቷል። ወፍጮ ቤት ልሠራ ስገባ፣ ጌጡ ይህንንም ሞተር እንዳታሳልመው ይሉኛል። ይበሉኝ፣ ይገባኛል። ሞተር ሰጠመ ይባላል እንጂ ታቦቷ እንዳመለጠችን የሚያውቅ እዚህ የለም።

ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን እትዬ ዓለሚቱ ከቅዳሴ መልስ ከእናታችን ጋር ገቡ። እኔ ከደጅ አጥር እየጠገንሁ ነበር። ለመሆኑ ሞተሩ ሲሰጥም ስለትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረሳችሁ ወይ ብለው ጠየቋት። እናታችንም፣ ምን ነው የማንደርስ፣ ታቦቷ ስትወጣ ጃንጥላዬን ዘረጉላት፤ ወርቀ ዘቦው በፀሐይ ሲያበራ፣ ዘርፉ ሲወዛወዝ ቆሜ አየሁት፤ ልጄ ጌጡ ነው ያደረሰኝ አለቻቸው። በጾም፣ ያውም ከቅዳሴ መልስ። ለቀልድ እንኳ ሐሰት ተናግራ የማታውቀው እናታችን። የያዝሁትን እንጨት ጥዬ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። በኋላ እቤት ስገባ ምንም እንዳልተፈጠረ ምሳዬን አቀረበችልኝ።

አሁንም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሞተሩ እንደሰጠመ ጻፍለት፣ አትደብቀው፤ የጃንጥላውን ነገር ግን ተወው፣ ለፋሲካ ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ ብላኛለች። እንግዲህ ለእርስዎም እንዲሁ ልትነግርዎት ነው። እባክዎ ጋሼ፣ እንደማያውቅ ሆነው እስከ መጨረሻው ያድምጧት፤ ወደ እኔም አይዩ። እሰይ እናቴ ይበሏት። እኔ የጻፍሁልዎት ከእሷ ሰምተው እንዳያመሰግኑኝ ነው። የሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ፣ እሱን ግን አልችልም።

እትዬ ትሁንን እጅ ነሥቻለሁ። ቤዛዊትን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ባለቤቴ መሠረት ለሁላችሁም ሰላምታ ታቀርባለች። አጎታችን፣ ዘውዱ በሞተሩ እንዳይቀየመን በልልኝ ብለዋል። እናታችን ጉንጭና ጉንጭዎን ስማ፣ ደኅና ግባልኝ ትልዎታለች።

ታናሽ ወንድምዎ ጌጡ
ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.