ለውይይቷ ያለቀስኩት ልቅሶ

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ድራመራችንን ታደሰን ዛሬ ቀበርነው።

ኮተቤ ባንዳችንን የሚያውቀው እንጦጦ ዳገት ላይ ሞታ ለቀረች ውይይት ታክሲ ሙሾ በምናወርድበት የሮክ ዘፈን ነው። እኔ ደረቴን እየደቃሁ «ወይኔ ታክሲዬን!» ስል ታዴ ከበሮውን ያስከትላል፤ ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

ዛሬ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የእውነቱ ልቅሶ ገነፈለብኝ። «ወይኔ ወንድሜን!» አልኩ። ድምፄ ግን ያው የመድረኩ ሆኖ ወጣ። ከኋላ ለአንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አፍሬ ልቅሶዬን አቋረጥኩና ልወጣ ዞርኩ።

እናቱ እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ። «አልቅስ እንጂ ልጄ፤ እሱም እኮ በዚህ ነበር የሚስቀው» አሉኝ።

እሺ ብዬ ደረቴን አንዴ መታሁና፣ ሳላስበው የታዴን ከበሮ ጠበቅኩ።