አንገት፣ ሆድ፣ ጆሮ

ጥቅምት 8 ቀን 1970

ብርድ ነው። ገበያው ግን ደህና ዋለ። ሸክላ ሠሪዋ ሸጊቱ ብርሌዎቿን በአህያ ጭና መጣች። የመስታወቱ ብርሌ ከጠፋ ወዲህ የባሕር ዳር ጠጅ ቤቶች የሚፈልጉት የእሷን የሸክላ ብርሌ ነው። እኛ እስላሞች አንጠጣበትም። እንሸጠዋለን።

ወንድሜ ዑመር ከጭዱ እያወጣ ሲደረድር አፉ አላረፈም።

«እታለም ሸጊቱ፣ ይቺ ሆዷ ገፍቷል። ማን አስረገዛት?»

«አንተ ነሃ! ባለፈው ገበያ ስታሻሻት አልነበር?»

«አንገቷስ ለምን ቀጠነ?»

«ባሏ ነጋዴ ነው። አያበላትም።»

ይኼን ስትል እኔን እያየች ነው። የዑመር ሚስት ሶፊያ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

አባታችን የቀንድ ዋንጫና ቅል ይሸጥ ነበር። የሰውን ጭንቅላት ራስ ቅል እንለዋለን... ቅል ደግሞ መጠጫ ነው። ስሙን ማን ከማን ወሰደ? አባባ እንደሚለው፣ ሰው መጀመሪያ ዕቃ ሲሠራ የሚያየው የራሱን ገላ ብቻ ነበር። ብርሌ ወደዚህ አገር ሲመጣ ሽማግሌዎቹ «ልጃገረድ በአንገቷ ይዤማ አልጠጣም» ብለው ነበር አሉ። በኋላ ጠጡ። ሰው ይለምዳል።

ጥቅምት 15

ጭነቱ ትናንት ሄደ። መኪናው ሐሙሲት ሳይደርስ ጉድጓድ ገብቶ የተወሰኑት ተሰብረዋል። አንገታቸው ነው። ቀጭን አንገት ሸክላ አይችለውም ብያት ነበር። ዑመር ነገ ለጠጅ ነጋዴው ስልክ ይደውልለታል።

ጥቅምት 16

ዑመርን ወሰዱት።

ወረፋ ላይ የነበረ ልብስ ሰፊ ነው የነገረኝ። ስልክ ቤቱ ሞልቷል። መስመሩ አያሰማም። እንደ ሁሉም ሰው ጮኸ። «የአራቱ አንገት ተሰብሯል! ሆዳቸው ደህና ነው! ጆሮ የሌላቸውን ቅዳሜ እንጨርሳቸዋለን፣ እሳቱ ተዘጋጅቷል!» ብርሌ የሚለውን ቃል አላነሳም። ለምን ያነሳል? በእኛ ቤት ማን ያነሳል? ግን በየማለዳው መንገድ ዳር ሬሳ በሚገኝበት ዘመን እንዲህ ተብሎ ይጮሃል?

መንገዱን ሳይሻገር ያዙት። በሰው መግደል ሤራ ተጠርጥሯል።

ሱቁን አልዘጋሁም። ብዘጋ ደግሞ ሌላ ወሬ ይሆናል።

ጥቅምት 18

አንድ ብርሌ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ ደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩለት።

«ጓድ፣ ይኼ አንገቱ ነው። ይኼ ሆዱ። ይኼ ከንፈሩ። ጆሮ ያለውም የሌለውም አለ። መጨረስ ማለት እሳት ማስገባት ነው። ወንድሜ ያወራው ስለ ዕቃ ነው።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ሰዒድ፣ እኔን ነው የምታስተምረኝ? እናቴ የጠላ ገንቦዋን እንደዚሁ ነው የምትለው።»

«እንግዲያማ...»

«እንግዲያማ ምን? ለምስጢር የሚመቸው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቃል አይደል? እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምመርጠው።»

  ባያውቅ አስረዳው ነበር። የሚያውቅን ሰው ግን በምን ታስረዳዋለህ?

ስወጣ «ብርሌዋን ተዋት» አለኝ። «ታምራለች።»

ጥቅምት 22

ሸጊቱ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቃሉ የእኔ ነው። ከእኔ ነው የሰማው። ሄጄ እኔን ጠይቁኝ ልበላቸው።»

«ዝም በይ፣ እታለም። ሁለት ሰው ማስፈታት ከአንድ ይከብዳል።»

«ደግሞ አንተ! አንጀት የለህም?»

እንጃ። ያለ አይመስለኝም። ምሳዬን በላሁ፣ ገበያ ቆምኩ፣ ተከራከርኩ። ገበያተኛውም ነገሩን ሰምቷል። አንዱ መጥቶ «ያቺ... ላይዋ ቀጠን ያለችው፣ መያዣ ያላት...» እያለ በጣቱ ይጠቁመኛል። አንገት ማለት ፈርቶ። በሌላ ቀን ቢሆን ዑመር በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ጥቅምት 27

ሶፊያ ስንቅ አደረሰች። ባዶ ሳህን መለሱላት። በልቷል ማለት ነው... ወይስ ሌላ ሰው በላው?

ኅዳር 2

ምንም የለም። በርበሬ ረክሷል።

ኅዳር 6

ደሳለኝ አስጠራኝ። የባሕር ዳሩን ጠጅ ነጋዴ ጠይቀውታል። የተሰባበሩት ብርሌዎች ጓሮው ውስጥ ተከምረው አግኝተዋል።

«እውነትህን ነው፣ ብርሌ ነው» አለኝ። ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስል። «ውሰደው።»

አመሰገንኩት። አዎ፣ አመሰገንኩት።

ዑመር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጋቢ ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። ያኮረፈኝ መሰለኝ። እጁን ሳይ ገባኝ። የኋሊት አስረውት ነበር፣ ለብዙ ጊዜ። ጣቶቹ አሉ። ግን አይታዘዙለትም።

ጋቢውን አለበስኩትና ሄድን። መንገድ ላይ ያየን ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

ኅዳር 8

ሶፊያ ውሃ በጣሳ ይዛ ልታጠጣው ስትል ፊቱን አዞረ።

«ጠጣ እንጂ» አልኩት።

«ሕፃን ነኝ?»

ራሱ ሊይዘው ሞከረ። ጣሳው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል «ተይው!» ብሎ ጮኸባት። ትናንትም እንዲሁ ነበር አለችኝ። ምግቡን ከእጇ ይጎርሳል፤ ጉርሻ ለማንም ነው። ውሃ ግን አይሆንም አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ቤት ተርፎ ቤቱ ውስጥ በውሃ ጥም ሊሞት ነው?

ከሱቅ ብርሌ አመጣሁለት። አንገቱ ከመዳፉ አመለጠ። ጆሮ ያለውን አመጣሁ። ጆሮው ጣት ይፈልጋል። ዋንጫውም ሙልጭ አለ። ሱቅ ሙሉ መጠጫ አለኝ፤ ሁሉም ደህና እጅ ላለው ሰው የተሠራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥ ይኼን አላየሁም።

ኅዳር 9

ዑመር የሚይዘው መጠጫ ላሠራለት ሸጊቱ መንደር ወጣሁ።

«እሱ ራሱ ለምን አልመጣም?» አለችኝ።

«አይመጣም።»

«እንግዲያ እንደሱ ሁንና አሳየኝ።»

ጣቶቼን አጥፌ የሁለት እጆቼን አንጓ አቀራረብኩ። አየችው። ቆይታ አየችው። አልቀለደችም። የጭቃ ድቡልቡል በሁለቱ አንጓዎቼ መካከል አደረገችና «ያዝ» አለች። ያዝኩ። ጭቃው ግራና ቀኝ ሰረጎደ። ቀዝቃዛ ነበር።

«አንገት ላብጅለት?»

«አታብጂ።»

«ጆሮስ?»

«ምንም።»

ኅዳር 17

አመጣችው። አፉ ሰፋ ያለ፣ ቂጡ ከበድ ያለ፣ ወገቡ በሁለቱም በኩል የሰረጎደ። አያምርም። ሶፊያ ውሃ ሞልታ ከፊቱ አስቀመጠችለትና ሁላችንም ወጣን። ውጪ ቆመን ጆሯችንን ጣልን። ጸጥ... ከዚያ የጉሮሮው ድምፅ። አረፈ። ደግሞ ጠጣ።

ሶፊያ አለቀሰች። ሸጊቱም። እኔ ጨው ማለቁ ትዝ አለኝ። ለምን ጨው? እንጃ።

ኅዳር 26

ገበያ። ዑመር ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አይቀልድም፣ ግን ይቀመጣል። ሲጠማው በዚያ ዕቃ ይጠጣል። የሚያልፈው ሰው ያየዋል፤ የሚጠይቅ የለም።

ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ገባች። አላውቃትም። ከገጠር የመጣች አትመስልም። ምን ልስጥሽ አልኳት። መደርደሪያውን በዓይኗ ዞረችው። የፈለገችውን አጣች። ወደ በሩ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየችና ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የሁለት እጆቿን አንጓ አቀራረበችልኝ።

እጆቿ ደህና ናቸው። ለማን ነው አላልኳትም። በሚቀጥለው ገበያ ነይ አልኳት።

ከሰዓት አንድ ሽማግሌ መጡ። ምርኩዛቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው እሳቸውም እንደዚያው አሳዩኝ። 

ብርሌውን ተይውና ይህንን ሥሪ ብዬ ሸጊቱ ጋ ላክሁ። ስንት ልሥራ ብላ መልሳለች።

ምን ልበላት?