ትርንጎ ኮሶዬ የሄደች ሰሞን

ጥር 2 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ፊቴን ተቀምጬ ታጠብሁ። ቆሜ ስታጠብ ግማሹ ጉልበቴ እዚያው ያልቃል። ከዛሬ ጀምሮ በርጩማው ከውኃው በርሜል አጠገብ ይቀመጥ ብያለሁ። ጢሜን አልተላጨሁም። ጢም መላጨትና ማርያም ደጅ መሳለም በአንድ ጠዋት አይሆኑም። ይህን ለማወቅ አምስት ወር ፈጀብኝ። ዛሬ ደጁን መረጥሁ። መንገድ ላይ ያረፍሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አንተ ደብተር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዳባት ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪ፣ ሆኜ የሰው ቁስልና ትኩሳት ስመዘግብ ኖርሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው። ሐምሌ ላይ ጎንደር ሆስፒታል አንጀቴን ቆርጠው ቀጠሉት። ነቀርሳ ነው። ስሙን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ትርንጎ ነን፤ ለሌላው ሰው የሆድ ሕመም ነው። መጋቢት ላይ ተመልሰህ ና፣ እንይህ ብለውኛል።

ከ 5 ሰ. በኋላ ሰው አይደለሁም። ጋደም ነው።

9 ሰ.
ከኮሶዬ በአውቶቡስ መንገደኛ መልእክት መጣ። የትርንጎ ታናሽ እህት ልጇን ዓለምነሽን ጥር 15 ትድራለች። ዓለምነሽ ለትምህርት ብላ እኛ ቤት አምስት ዓመት ተቀምጣለች። እኛ አልወለድንም፤ ልጅ ብንል እሷ ናት። ትርንጎ መጀመሪያ እልል ልትል ቃጣት፤ ከዚያ ፊቷ ዳመነ። አልሄድም አለች። ምክንያቷን አልተናገረችም። ምክንያቷ አልጋ ላይ ተጋድሞ ይሰማል።

ጥር 4፣ ረቡዕ

ስንከራከር ዋልን። እኔ መሄድ አልችልም፤ ከጎንደር ስመለስ መንገዱ ሆዴን እንዴት እንዳደረገው አልረሳሁም። እሷ ግን ለምን ትቀራለች? ውኃ ማን ይቀዳል፣ እሳት ማን ያነዳል፣ ቢወድቁ ማን ያነሣል ትለኛለች። ሁሉንም እኔ አልኋት። ሳቀች። ብትስቅም ደስ አለኝ፤ እንዲህ እንደ ጤነኛ ከተከራከርን ቆየን።

እንግዲያስ ባንቺ ትግባ አለች። ባንቺ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልበ ደግ። አፏ ግን ዕረፍት አያውቅም። የእሷን ወሬ መስማት ገበያ ደርሶ የመመለስ ያህል ያደክመኛል። እምቢ አልሁ። ምሳዬን ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጥር 6፣ ዓርብ፣ 10 ሰ.

ዛሬ ፈተና ተቀመጥሁ። ትርንጎን መደቡ ላይ አስቀመጥኋት፤ እስከ ምሳ ምንም እንዳትነኪ ብዬ። ውኃውን በእንስራ ሳይሆን በማንቆርቆሪያ አመላለስሁት፤ በየምልልሱ አረፍ እያልሁ። እንጨቱን ትናንት አቅርቤ ነበር (ተንኰል)። ሽሮውን በርጩማ ላይ ተቀምጬ አማሰልሁ። ትንሽ አረረ።

እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ በዓይኗ ትከተለኛለች። እጇ እንዳያመልጣት ነው። በላች፤ ጨው በዝቷል አለች፤ ሳህኑን ግን ባዶ አደረገችው።

ቀጥላ፣ እሺ እሄዳለሁ፤ ግን አራት ቀን ብቻ፣ አለች።

እውነቱን ለአንተ ልንገርህ። ከዚያ ወዲህ ከድካሙ የተነሣ ተጋድሜ ጣራ ሳይ ነው የዋልሁ። ለእሷ እንቅልፍ ነው አልኋት።

ጥር 12፣ ሐሙስ

ትናንት ጥምቀት። ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ አልሄድሁም። ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ነጭ ለብሼ፣ ተላጭቼ ተቀመጥሁ። ታቦቱ በደጄ በኩል አለፈ። እንግዲህ ዘንድሮ መላጨትም መሳለምም በአንድ ቀን ሆነልኝ። የንስሐ አባቴ ጥላቸውን ይዘው እያለፉ ዞር ብለው ባረኩኝ። ፊትዎ ወዛ አሉኝ። አዝነውልኝ ይሁን አላውቅም። አምኛለሁ።

ጥር 14፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 3 ሰ.

ሄደች። ልብሷን ሦስት ጊዜ ቋጥራ ሦስት ጊዜ ፈታችው። ድርቆሹ እዚህ፣ በሶው እዚያ፣ ክብሪቱ ከፍ ያለ ቦታ፣ ሌሊት ከተነሡ ግድግዳውን ይያዙ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ሲሄድ ሰማሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

11 ሰ.
ደስ ይላል። ይህን ለማንም አልናገርም። ሙሉ ቀን ማንም እንዴት ነዎት ሳይለኝ ዋለ። በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፤ በፈለግሁ ሰዓት ተኛሁ፤ በፈለግሁ ሰዓት አቃሰትሁ። ማቃሰትም ለካ ነፃነት ይፈልጋል።

ጥር 15፣ እሑድ

ዛሬ ዓለምነሽ ተዳረች። 6 ሰ. ላይ፣ አሁን ሙሽራው ደርሷል፣ አሁን ትርንጎ ታለቅሳለች፣ እያልሁ አሰብሁ። እግሬ ባይሄድም ልቤ ኮሶዬ ዋለ።

ባንቺ ምስር ወጥ ይዛ መጣች። በር ላይ ተቀብዬ፣ ልተኛ ነበር አልኋት። ዓይኗ ቤቱን ቃኘ። ሄደች። ወጡ ጥሩ ነው። ትንሽ አፈርሁ።

ጥር 16፣ ሰኞ፣ 11 ሰ.

ጋደም ብዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትፍረድብኝ።

ጠዋት ከጭና መንደር በኩል አንድ ገበሬ መጣ። መጥረቢያ ስቶ እግሩን መትቶታል። ክሊኒኩ ሂድ አልሁት፤ ሐኪም ታከለ እያለ እዚሁ ተቀመጠ። ቁስሉን ሳይ እጄ ራሱ ተነሣ። በፈላ ውኃ አጠብሁ፣ አሰርሁ። ተንበርክኬ ነው የሠራሁት። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንደዛሬ ሰው ሆኜ አላውቅም። ነገ ክሊኒኩ ሄዶ መርፌ እንዲወጋ አስምዬ ላክሁት።

እዚያ ላይ መተኛት ነበረብኝ። ልቤ ሞቆ ጎመን ላጠጣ ወጣሁ። ሁለተኛው የጎመን መደብ ላይ ጉልበቴ ክድት አለኝ። አልወደቅሁም፤ እንደ ጆንያ ቀስ ብዬ ተቀመጥሁ። መነሣት ግን አልሆነም። ሁለቴ ሞከርሁ። በሦስተኛው ተውሁት።

ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ጎመኑን በቅርብ አየሁት፤ ትል ገብቶበታል። ጮኼ ባንቺን መጥራት እችላለሁ፤ አጥሩ ቅርብ ነው። አልጠራሁም። ለአራት ቀን ብቻውን መቆየት አቃተው እንዳይባል። ጥላው አጥሩን ለቆ እግሬ ዘንድ ሲደርስ ብርድ ብርድ አለኝ። ያን ጊዜ ጠራኋት።

እየሮጠች መጣች። አሁን ወሬው ተጀመረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

“አያ ታከለ፣ ወደቁ እንዴ?”

“አይ፣ ተቀመጥሁ።”

ትንሽ አየችኝ። “እንግዲያስ እኔም ልቀመጥ” አለች፤ መሬቱ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ ዝም። ከጎመኑ ትሉን እየለቀመች ዝም። ባንቺ ዝም ስትል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ባሏ ሲታመም ሁለት ዓመት እንዳስታመመች ትዝ አለኝ። እንዴት ረሳሁት?

ከቆይታ በኋላ ትከሻዋን ሰጠችኝ። ቀስ ብለን ተነሣን። ስንገባ ለትርንጎ እንዳትነግሪ አልኋት። አልጋዬን ማንጠፍ ያዘች።

ጥር 17፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ አልጋ። ባንቺ በጠዋት እሳት አነደደች፣ አጥሚት ሰጠችኝ። ውኃም ቅጅልኝ አልኋት፤ ራሴ ጠየቅሁ። መጠየቅ ከማንቆርቆሪያው ይቀላል። ስለ ጎረቤቶች ማውራት ጀመረች። ግማሹን ሰማሁ፣ በግማሹ ተኛሁ። ተኝቼም እንደምታወራ ይሰማኛል። አልከፋኝም።

ጥር 18፣ ረቡዕ፣ 10 ሰ.

መጣች! ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ድምፅዋ በዘፈን ተዘግቷል። ተቀምጣ ሳታርፍ አወራች። ሙሽራው ረጅም ነው፤ ዝምተኛ። ዳሱ በንፋስ ሊነሣ ሲል ወንዶቹ ገመድ ይዘው ሲጎትቱ ዋሉ። ዓለምነሽ ስለ እኔ፣ አባባስ? እያለች ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ በሦስተኛው አለቀሰች። ትርንጎ ጨፍራለች። ራሷ ነገረችኝ፤ በስድሳ ዓመቷ።

እንዴት ሰነበቱ አለች። ደህና አልኋት። ተመለከተችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አለች።

ጥር 20፣ ዓርብ

ውሸቴ ትንሽ ናት፤ ግን ትከብዳለች። ትርንጎ በሥራ መሀል ታንጎራጕራለች። ይህን ድምፅ ከሐምሌ ወዲህ አልሰማሁትም። ብነግራት ሁለተኛ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም። ባልነግራት ደግሞ በተቀመጥሁ ቁጥር የባንቺ ዓይን ዓይኔ ላይ ነው።

ጉልበት፦ ጠዋት ደህና። ከ 5 ሰ. በኋላ ምንም።

ጥር 23፣ ሰኞ፣ ጠ. 4 ሰ.

ነነዌ ገባ። የንስሐ አባቴ ጾሙ ለእርስዎ አይደለም ብለዋል፤ ወተት ጠጣሁ። ከዚያ ሳላስበው ነገርኋት። ገበሬውን፣ ጎመኑን፣ መሬት ላይ መቀመጤን፣ ሁሉንም።

የወተቱን ዕቃ እያጠበች ሰማችኝ። ቀና ሳትል፣ “ረቡዕ ከአውቶቡስ ስወርድ ባንቺ ነግራኛለች” አለች።

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“አንቱ እስኪነግሩኝ ብዬ።”

ፈራሁ። እንግዲህ የትም አትሄጅማ አልኋት።

“ለምን? ደከመዎ፣ ተቀመጡ፣ ተነሡ። እኔ ብኖርስ ያው አይደል?”

ዕቃውን ደፍታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ኮሶዬ ሳለች ስታስበው እንደሰነበተች ነገረችኝ። ከትንሣኤ በኋላ ዓለምነሽን ሁለት ሆነን እንይ። በአንድ ቀን አይሁን። መሀል መንገድ፣ አምባ ጊዮርጊስ ወርደን እንደር፤ ከደከመዎ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። የሚያባርረን የለም አለች። ቤቱንና ጎመኑን ባንቺ ታያለች፤ ለካ ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል።

መጋቢት ላይ ጎንደር ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ መልካሙንም ሌላውንም እገምታለሁ። የፈለጉትን ቢሉ ሚያዝያ ላይ አምባ ጊዮርጊስ እስክደርስ የሚበቃኝ ጉልበት ይኖረኛል። ከዚያ ያለውን እዚያ እናያለን።

ቆርጫለሁ። እንሄዳለን። ደብዳቤው ዛሬ ይጻፍ። ሁለት ሰዎች እንመጣለን፣ አልጋው ዝቅ ያለ ይሁን፣ በግ እንዳታርዱ፣ ተቀምጠው የሚታጠቡበት በርጩማ ይኑር ብዬ።

እጄ ደከመ። ትርንጎ ትጽፈዋለች። ዓለምነሽ እዚህ ሳለች ፊደል አስቆጥራታለች፤ ጽሕፈቷ ጠማማ ነው፣ ይነበባል። ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን ትለኛለች።