ያከሳችህ ደሴት

ለአያ ጥበቡ፣

ሰላምታዬ ውሃውን ተሻግሮ ይድረስህ። ከተለያየን ዓመት ሞላ፤ ሁዳዴው ተመልሶ መጣ። ሰው ሁሉ መሪጌታ፣ ተማሪዎችህ ደግሞ የኔታ ሲሉህ፣ እኔ ደልጊ ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ አያ እንዳልሁህ ኖርሁ። ዛሬም ሌላ መጥሪያ አይመጣልኝም።

ቤታችን ደኅና ነው። ሰፈራችንን ሰባታሚትን ብታያት ግን ትገረማለህ። ከጓሯችን ማዶ ያለው የበቆሎ ማሳ ቤት እየተሠራበት ነው፤ ባጃጅ እስከ በራችን ድረስ ይገባል። ልጃችን ይበልጣል ሥራ ተቀይሮ ወረታ ገባ። እኅቱ ማስተዋል ከኔ ጋር ናት፤ ያው ፋርማሲው ውስጥ ትሠራለች። አንተ የተከልኸው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ ቃጫ ይበዛዋል እንጂ ይጣፍጣል። በዜማ ቤቱ ሌላ መሪጌታ ተተክቷል። ቀጭን ሰው ነው። ድምፁ ካንተ አይደርስም፤ ሌሎችም እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ስለዚያች ደሴት ግን ክርክራችንን ሳንጨርስ ሄድህብኝ። ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ፣ አያ፣ ሴት በማትረግጠው ደሴት ስቀና ኖርሁ። አሁንም እቀናለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ደልጊ ሳለን ሸምበቆ ነበር የምትመስለው። ለአንድ ክብረ በዓል ግማሽ ቀን በእግርህ ተጉዘህ፣ ሌሊቱን ቆመህ አንግተህ፣ በእግርህ ትመለስ ነበር። ባሕር ዳር ትልቁ ደብር ሲጠራህ ኑሮህ ተለወጠ። ጠዋት ባጃጅ፣ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ፊት ቁጭ፣ ማታ ባጃጅ። ከዚያ ደግሞ ጥሪው አለ። ክርስትና ያለ አንተ አይሆንም፣ ተዝካር ያለ አንተ አይሆንም፣ ማኅበሩም የቤት ምርቃቱም እንዲሁ። ከፊት ያስቀምጡህና ለሦስት ሰው የሚበቃ ያቀርቡልሃል። በቃኝ ስትል ባለቤቲቱ «ምነው የኔታ፣ እጄ አልጣመዎትም?» ትላለች። አንተም ሰው ማሳፈር አትወድምና ትበላለህ። ገና ሳትውጥ ሌላዋ «በሞቴ» ብላ ጉርሻ ይዛ ቆማለች።

ጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። እኔ ምስክር ነኝ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠብቅህ ዘይት የጠጣ ሽሮ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዳቦና የሱፍ ፍትፍት ነበር። ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ ጾም ነው። ሰውነትህ ግን ልዩነቱን አላወቀልህም።

እኔ ከዚያው ሌማት በልቼ እንዲህ ሆኜ ቀረሁ፤ ታውቀኛለህ፣ ነጠላ ከትከሻዬ ላይ የማይረጋልኝ ቀጭን ነኝ። አንተ ግን ዓመት ዓመት ሰፋህ። ቀሚስህ ጎኑ እየተተረተረ ጨርቅ ይጨመርበት ጀመር።

አንድ የሚካኤል ዕለት መቋሚያህን ይዘህ ስትዘምም፣ ላብህ በግንባርህ ሲወርድ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ይህን ሁሉ ጾም ጾመው ነው እንዲህ የሆኑት?» አለች አንዷ።

«ተደብቀው ይበላሉ እንጂ! ሚስታቸውስ ብትሆን፣ እጇ መቼ ከድስት ይወጣል?» አለች ሌላዋ።

ዞሬ አየኋቸው። የኋለኛይቱን አውቃታለሁ። በልጇ ክርስትና ላይ «ይጨመርላቸው» እያለች ከሳህንህ ራስ ያልተነሳችው እሷው ናት።

ጉልበትህ ሲያምህና ትንፋሽህ ሲያጥርብህ ክሊኒክ ሄድን። ደም ግፊትህን የለካችው ወጣት ሐኪም አንተን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የሚመግቧቸው?» አለችኝ። አንተ ቀደምህና «ልጄ፣ እሷን አትጠይቂ። አፉ የኔ ነው። ማንም ሰው መንጋጋዬን ፈልቅቆ አላጎረሰኝም» አልሃት። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ አኮረፍሁ። ልትከላከልልኝ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ጥፋቱን እንኳ ለብቻህ ስትወስደው ደስ አላለኝም። ዕድሜ ልኬን ያበላሁህ እኔ ከዚያ «ማንም ሰው» ጋር ተቆጠርሁ?

የዚያን ዓመት በፍልሰታ ደሴቲቱ ገዳም ገባህ። ለሱባኤ ብለህ ሄደህ እስከ መስቀል ቆየህ። ስትመለስ ጀልባው ማረፊያ ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ፤ ስትወርድ ሌላ ሰው መሰልኸኝ። ቀሚስህ ሰፍቶሃል፣ አንገትህ ወጥቷል፣ ድንጋዩን ስትዘል የማንንም እጅ አልያዝህም። ሌላ ሚስት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ግን ጓዝህን ተቀብዬህ ፊት ፊት ሄድሁ። ስንት ዓመት «ዛሬ ይቅር፣ ይህን ቀንስ» እያልሁ ለምኜህ ያልሆነው ነገር ለሷ በአንድ ክረምት ሆነላት።

ከዚያ ወሬህ ሁሉ እሷ ሆነች። ውሃ ከሐይቁ ቀድቶ ዳገቱን መውጣት፣ ማገዶ መሸከም፣ በቀን አንድ ጊዜ በጨው የሚበላው የባቄላ ንፍሮ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉት መነኩሴ። አባ እንዲህ አሉ፣ ከአባ ጋር ይህን ተጫወትን። ንፍሮውንማ እንደ ሠርግ ወጥ ነበር የምታነሳው! የኔን የጾም ወጥ እንዲያ አመስግነኸው አታውቅም። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ያንኑ ባቄላ በጨው ቀቅዬ አቀረብሁልህ። ቀስ ብለህ አላምጠህ፣ «ጥሩ ነው» አልህ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ «የዚያኛው ግን... ውሃው ይሆን?» አልኸኝ። ድስቱን አንስቼ ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ አለቀስሁ። በንፍሮ የቀናች ሴት ከኔ ሌላ ትኖር ይሆን?

ጥር መጣና የሠርጉ ሰሞን ገባ። የሚያውቁህ ሁሉ ሲያዩህ ደነገጡ። «የኔታ፣ ምነው እንዲህ ከሱ? ታመው ነው?» ይሉሃል። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ምን ነክቶሽ ነው? አታበያቸውም እንዴ?» ይሉኛል። ስትወፍርም የኔ እጅ፣ ስትከሳም የኔ እጅ። ድንኳኑ ሁሉ ሊያድንህ ተነሳ። ወሩ ሳያልቅ ቀሚስህ መልሶ ጠበበ። ሁዳዴ ሲቃረብ ጓዝህን መጠቅለል ጀመርህ።

የመጨረሻው ጭቅጭቃችን ያኔ ነው። «እኔን ነው ያገባኸው ደሴቲቱን?» አልሁህ። ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም።

«እዚህ ራሴን መግዛት አቃተኝ» አልህ።

«እዚያስ ምኑን ትገዛለህ? የሚበላ በሌለበት አለመብላት ምን ጀግንነት አለው? ጀግና ከሆንህ እዚሁ ድንኳኑ ውስጥ እምቢ በል!»

«እውነትሽን ነው» አልኸኝ። «ግን ከኔ የሚጠበቀው ይኸው ተነስቶ መሄዱ ነው። ይህን ያህል እችላለሁ። ከዚህ በላይ ያለውን ብቻዬን አልችለውም። አንቺ አታውቂውም።»

ያች «አንቺ አታውቂውም» እስካሁን ጎኔ ውስጥ አለች።

ጾሙ ሲጋመስ ጀልባ ነጂው በጠዋት በራችንን አንኳኳ። ከኪዳን ስትወጣ ደረትህን ይዘህ ደረጃው ላይ ተቀመጥህ፤ በዚያው ቀረህ አለን። እዚያው እንዲቀብሩህ አስቀድመህ ለምነሃቸው ኖሯል። ይበልጣል ሊከራከር ጀምሮ የአባቱ ቃል መሆኑን ሲሰማ ተወው። ተሻገርን። እምቦጩ መንገዱን ዘግቶት ጀልባው እየተጎተተ ነው የሄደ። ወንዶቹ ወደ ላይ ወጡ። እኔና ማስተዋል ሴቶች ከሚቆሙበት፣ ከወደቡ ዛፍ ሥር ቀረን። ዜማው ከላይ ይሰማኛል፤ አንተን አላይም። ባሏ አፈር ሲለብስ ያላየች ሚስት ሆንሁ። ይበልጣል ሲወርድ እጁ ላይ የመቃብርህ አፈር ነበር። በገዛ ልጄ እጅ ቀናሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ መነኩሴ በበትር እየተደገፉ ወደ እኛ ወረዱ። «አባ ወልደ ትንሣኤ ነኝ» አሉኝ።

አያ፣ ምነው ሳትነግረኝ? እኔ በሐሳቤ ስቀናባቸው የኖርሁት አጥንቱ በሚቆጠር፣ ንፋስ በሚወስደው መናኝ ላይ ነበር። ፊቴ የቆሙት ግን ካንተ የሚወፍሩ፣ ቢጫ ቀሚሳቸው ሆዳቸው ላይ የተወጠረ፣ ቁልቁለቱ ያስለከለካቸው ሰው ናቸው።

ማየቴን አዩት። «ገረመሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን አንዴ ይህንኑ ንፍሮ ነው የምበላ። እንጨቱንም ውሃውንም እሸከማለሁ። አባቴም እንዲህ ነበር። ያው አንድ ንፍሮ መሪጌታን አከሳቸው፤ እኔን አላከሳኝም።»

«ታዲያ ምን ፈልጎ ነበር እዚህ የሚመላለሰው?» አልኋቸው። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት።

«መጀመሪያ ለመክሳት ነው የመጡት። ኋላ ግን ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ እንልና እንጫወት ነበር። ሰው ሲያየን ምን እንደሚያስብ፤ ቅዳሴ ላይ ጉልበታችን ሲከዳን ስንፍና እንደሚመስላቸው። ይህን ከማንም ጋር አውርተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሆዴን እወዳለሁ ይሉ ነበር፤ አልሸሸጉም። ግን ሁሉም ከሆድ እንዳልመጣ ያውቁ ነበር።»

ስለ እኔስ ምን ይል ነበር ብዬ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። አፈርሁና ተውሁት።

ስንመለስ ውሃውን እያየሁ ስብሰለሰል መጣሁ። በውሃው ቀናሁ፣ በንፍሮው ቀናሁ፤ ለካ ነገሩ ጨዋታው ኖሯል። ዕድሜያችንን ሙሉ ከአንድ ሌማት ቀርበን፣ ሰው ሲንሾካሾክብህ ልብህ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ለኔ አልነገርኸኝም። የነገርኸው ለሌላ ሰው ነው። ሌላ ሴት ወደህ ቢሆን ኖሮ እንኳ እንዲህ የሚያቃጥለኝ አይመስለኝም። ግን ደግሞ የፈለግሁትን በልቼ ለማልወፍረው ለኔ ምን ብለህ ትጀምረው ነበር?

ባለፈው ሰሞን ማስተዋል ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ከፋሲካ በኋላ የጓደኛዋ ሚዜ ናት። ልጅህ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው፤ ትከሻዋም፣ አንገቷም፣ ሁሉ ነገሯ። ልብስ ሰፊው በሰው ፊት «ለአንቺ የሁለት ሰው ጨርቅ ይበቃ ይሆን?» ብሏት ኖሯል። «እራት ብትተይው ምናለ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። መለስሁት። ጎኗ ቁጭ አልሁና «ሌላስ ምን ይሉሻል?» አልኋት።

ገርሟት አየችኝ። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ እኔም ሳላቋርጣት ሰማሁ። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ሰው ቦታውን እያየ እንደሚጠጋ፤ ሳምንት ሙሉ ቁርስ ትታ ሚዛኑ ንቅንቅ እንዳላለላት፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ንዴት ሲይዛት ኬክ ገዝታ ብቻዋን እንደምትበላ። «ይህኛው የራሴ ነው፤ በማንም አላሳብብም» አለችኝ። ቀጥላ «አባባ ነበር የሚያውቀው» አለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ በሐይቁ ዳር እየተራመዳችሁ ይህንኑ ትጫወቱ ነበር አሉ። ሁለታችሁ! እኔ ቤት ቁርስ አቅርቤ ስጠብቃችሁ! አያ፣ አፈር ውስጥ ሆነህም ታስቀናኛለህ።

አሁን እሑድ ከሷ ጋር የምራመደው እኔ ነኝ። ይህንን ስነግርህ ትንሽ ኩራት አለብኝ።

ለሙት ዓመትህ ይበልጣል ፎቶህን አሳድጎ ከወረታ ይዞ መጣ። ደልጊ ዲያቆን ሳለህ የተነሳኸውን ነው፤ ጉንጭህ የጎደጎደውን። «እማዬ፣ ሰው በዚህ ያስታውሰው፤ ያምራል» አለኝ። እሺ አላልሁትም። ከሣጥኔ ሌላውን አወጣሁ፦ ማስተዋል የተመረቀች ዕለት ወንበሩን ሞልተህ፣ ላብህን በመሐረብ እየጠረግህ የምትስቀውን። ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ አንዳንዱ ፎቶውን አይቶ ወደ እኔ ይዞርና፣ ፊቴን ሲያይ ሊል ያሰበውን ይተወዋል።

የከሳው ጥበቡ ለደሴቲቱ ይሁንላት፤ አልከራከራትም። ይህኛው ግን የኔ ነው፤ ከማንም ጋር አልካፈለውም። ነፍሴ እስካለች ድረስ በዚህ ቤት ስትታሰብ እንዲህ ወንበሩን ሞልተህ፣ እየሳቅህ ነው የምትታሰበው።

እንደቀናች ያለችው ሚስትህ፣
አስናቀች