የደወል ማማችንን ለጋረዱልን ለክቡር ሚስተር ዊንተርቦርን

ይህን ብዕር የያዘችው ምራቴ ሎይስ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የጄቤዝ ትሬል ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ሃምሳ ዓመት ቀዝፌ ግን አንድም ቀን አለት ነክቼ አላውቅም።

ለክቡር ሚስተር ሆሬስ ዊንተርቦርን፣ የስካርኮምብ ባሕር ዳርቻ ማሻሻያ ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ክቡርነትዎ ከነባለቤትዎና ከነእንግዶችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ዓሣ አጥማጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን አልሰጠምንም።

አንደኛ፦ ከጥጥ ፋብሪካዎ ድረስ መጥተው ባቡሩን፣ መናፈሻውን፣ ከሁሉም በላይ ባለ አምስት ፎቁን ሆቴል ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። በአለቶቹ መካከል ባለችው ጠባብ የወደብ መግቢያ የምናልፈው ከፊት ያለውን የኖራ ማቃጠያ ጭስ ማውጫና ከኋላ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ አንዱን ባንዱ ላይ አሰልፈን ነበር። ሆቴልዎ በመካከል ቆሞ ማማውን ከማየት ድካም ገላግሎናል።

ሁለተኛ፦ ይህንኑ ለጸሐፊዎ ባመለክት፣ «አባባ፣ ታዲያ ሆቴሉን እያያችሁ ግቡ! ከቤተ ክርስቲያኑ ይበልጣል እኮ» አለኝ። «ልጄ፣ ከየትም ይታያል፤ ችግሩም እሱ ነው» ብዬ ብመልስለት ሳቀብኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ባሕር ላይ ግን አይውጣ።

ሦስተኛ፦ በየካቲት የልጄ የሩበን ጀልባ መግቢያውን ስታ አለት ላይ ተሰበረች። እሱና ጓደኛው መቅዘፊያ ታቅፈው ሲንሳፈፉ፣ በሰገነትዎ ላይ የነበሩት እንግዶች ለእነርሱ መዝናኛ የተዘጋጀ መስሏቸው መሐረብ አውለብልበዋል። ልጄ ያመሰግናል፤ እጁ ሥራ ይዞ ስለ ነበር መልሶ አላውለበለበም።

አራተኛውን ሎይስ «አባባ፣ ይሄንንስ ቢገድሉኝ አልጽፍም» ብላ ትታዋለች።

ልመናችን አንዲት ናት። ማማው ከጀርባ በቆመበት ልክ፣ ወደ ባሕር በሚያየው ግድግዳዎ ላይ ከጣሪያ እስከ መሬት፣ በማማው ፈንታ የምናሰልፈው አንድ ነጭ መስመር ይቀባልን። ቀለሙም መሰላሉም ከእኛ። ቀድሞ «የግድግዳውን መልክ ያበላሻል» ብለው የሰጡንን መልስ ሰምተን አስተዋይነትዎን አድንቀናል። ይሁንና በመስከረም የሄሪንግ ዓሣ ይመጣል፤ ሰባት ጀልባ፣ ሃያ ስምንት ሰው ይወጣል፤ ሩበንም በተዋሰው ጀልባ አብሮ ነው። ባሏ ነውና እዚህ ላይ የሎይስ ብዕር ቆሟል፤ ቀጥይ ብያታለሁ።

የክቡርነትዎን ጤንነትና የግድግዳዎን ውበት አጥብቆ የሚመኝ፣ በስሙ ፈንታ መስቀል የሚያኖር ታዛዥዎ፣
ጄቤዝ ትሬል ✕

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ሰኞ ክቡርነትዎን ከነባለአክሲዮኖችዎ ይዞ የሚመጣው የአዲሱ መዝናኛ መርከብ ካፒቴን፣ ለአገሩ እንግዳ ነውና፣ መግቢያውን በምን እንደሚለይ ጽፎ ጠይቆኛል። እኔም የማውቀውን ሳልደብቅ፣ ማማውን ከጭስ ማውጫው በላይ አሰልፍ ብዬ አስጽፌለታለሁ።

በይ ሎይስ፣ አሁን አንብቢልኝ።