የተደበቀችው ጣሳሽ

ጫልቱዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። ያልነገርሁሽ ብዙ ነገር ተጠራቅሟል፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ልጃችን ለሊሴ በዚህ ጥር ተዳረች። አንቺን ይቅርታ የምጠይቅበትም ነገር አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቧንቧ ገባልን፤ ከሎሚሽ አጠገብ ቆሟል። የገባ ዕለት እኔ፣ መምህሩ ባልሽ፣ እየከፈትሁና እየዘጋሁ ስጫወት ዋልሁ። ለሊሴ ያንቺው ልጅ አይደለች? «ቢሻን ሂንበሌሲና»፣ ውሃ አታባክኑ፣ ብላ በአንቺው ድምፅ ተቆጣችኝ። ጎመን ያጠበችበትን ለአትክልቱ፣ ልብስ ያለቀለቀችበትን ለግቢው አቧራ ማድረጓን አልተወችም። ዕቃውንም እንዳንቺ በአመድ ትፈትግና በትንሽ ውሃ ታለቀልቀዋለች። ሁለቱ በርሜሎችሽ ሁልጊዜ ሞልተው ተከድነው ነው የሚቀመጡት። እኔ ግን ቧንቧ እያለ ብዬ ያቺን ጣሳሽን ከተሰቀለችበት አወረድኋትና የምስማር ማስቀመጫ አደረግኋት።

ቂጧን በምስማር በስተሽ፣ ቀዳዳዋን በስንጥር ወትፈሽ፣ እጅ መታጠቢያ ብለሽ ደጅ የሰቀልሻትን ማለቴ ነው። ስንጥሩን ሳብ ሲያደርጉት ውሃው እንደ ክር እየቀጠነ ይወርዳል፤ አንድ ጣሳ ለስድስት ሰው ይበቃ ነበር። እኔ ግን አፍርባት ነበር። የአውራጃው ጸሐፊ ለምሳ የመጣ ዕለት፣ ድሃ እንዳንመስል ብዬ አልጋ ሥር ደበቅኋትና በማንቆርቆሪያ አስታጠብሁት። እንግዳው ሲሄድ አውጥተሽ መልሰሽ ሰቀልሻት፤ ሁለት ቀን ግን አላናገርሽኝም። ያኔ ይቅርታ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቧንቧው ደረቀ። ዳሱ ተጥሏል፣ ሁለት መቶ ሰው ተጠርቷል፣ ብርዙ ገና አልተበጠበጠም። ምንጩ ጋ ያለው የእንስራ ሰልፍ አያድርስ ነው። የሰፈሩ ሴቶች፣ አንዱ በርሜል ለወጥና ለብርዝ ከሄደ የቀረው ለዚህ ሁሉ ሰው እጅ አይደርስም ብለው ተጨነቁ። እኔማ ልጄን በሠርጓ ዕለት ላሳፍራት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሙሽሪት ራሷ ወጣችና፣ አባ፣ የአዮን፣ የእናቴን ጣሳ አምጣት አለችኝ። ምስማሩን ዘረገፍሁ። ከጎረቤት ባዶ ጣሳ ለቅመን አምስት ጨመርን፤ ከዳሱ በር ላይ በተርታ ሰቀልናቸው፣ ከሥራቸው ሳፋ አደረግን። መሃል ላይ ያንቺ ነበረች።

የሠርጉ ዕለት ያ ጸሐፊ መጣልሽ። ዓይኔን የት ላድርገው። ስንጥሩን ሳበ፣ ታጠበ፣ መልሶ ወተፈው፣ ደግሞ ሳበው። ሳይጠይቀኝ ተናዘዝሁ፤ ይህችን የሠራቻት ባለቤቴ ናት፣ አንተ የመጣህ ዕለት ደብቄያት ነበር አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ የዝናቡን በርሜል ጋቢ እናለብሰዋለን አለኝ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ሁለት መቶ ሰው ከምግብ በፊትም ከምግብ በኋላም ታጥቦ፣ ግማሽ በርሜል ተረፈ። የሳፋው ውሃ ለሎሚሽ ሆነ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ።

ለሊሴ ልትወጣ ስትል፣ ሚዜዎቹ ሳጥኗን እንዳነሡ አስቆመቻቸው። ተመልሳ ጣሳሽን ከገመዷ ፈታችና በልብሶቿ መሃል ሸጎጠቻት። እኔም አልከለከልኋት፤ ያንቺን ከእሷ በላይ ማን ይወርሳል።

በማግስቱ መዶሻና ምስማር ይዤ ተቀመጥሁ። ሦስት ጣሳ አበላሸሁ፤ ቀዳዳው እየሰፋብኝ። ብታይኝ ትስቂብኝ ነበር። አራተኛው ተሳካልኝ፤ ከመንገድ በሚታይበት በኩል፣ በሩ ላይ ሰቅየዋለሁ። እጄን በታጠብሁ ቁጥር አስብሻለሁ፣ ጫልቱዬ። ከእንግዲህ ማንም ይምጣ ማን፣ አላወርደውም።

ባልሽ